ከራሱ ሥር የታጠፈው ኮት

ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ከዓመታት በፊት በጅምላ የተገደሉ ሰዎች የተቀበሩበት ጉድጓድ ሲከፈት መርማሪዋ ጠርዙ ላይ ተንበርክካ ወደ ውስጥ አየች። ባልደረቦቿ «ጉጉት» ይሏታል፤ አንገቷን ቀስ አድርጋ አዙራ ሌላው አይቶ ያለፈውን ታያለችና። ከሥር የተደረደሩት ሟቾች ሁሉ በጥይት ተመትተዋል፤ እጃቸውም በሽቦ ተጠፍሯል፤ የፈሰሰባቸው ኖራ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። አንዱ ግን ከኖራው በላይ ተኝቷል። እጁ አልታሰረም። ጥይት አልነካውም፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ኮቱን እንደለበሰ ነው፤ ከራሱ ሥር ደግሞ ሌላ ኮት ታጥፎ ተቀምጧል።

«ገዳዮች ለገደሉት ሰው ትራስ አያበጁም» አለች ጉጉት።

ምርመራው አፅሙ የአንዲት ልብስ ሰፊ የበኩር ልጅ መሆኑን አረጋገጠ። እናት ልጇን ወግ ባለው መቃብር ሳታሳርፍ እንዳትሞት ስትለምን የኖረች ሴት ናት። ጉጉት ግን አፅሙን ከማስረከቧ በፊት ሦስት ሰዎችን ለየብቻ አነጋገረች፤ በሥራዋ ልማድ ቀድማ ትጠይቃለች እንጂ የተገኘውን አታሳይም።

የፋብሪካው ዘበኛ የተቀጠረው ከግድያው በኋላ ነው። ስለ ጉድጓዱ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ሳቀ። «ባውቅማ ኖሮ እዚህ ብቻዬን አድር ነበር? እኔ እኮ የገዛ ጥላዬ የሚያስደነግጠኝ ሰው ነኝ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሾፌር ነው። ከጉድጓዱ አምልጦ የወጣ እሱ ብቻ ስለሆነ ሰፈሩ «ሞት የረሳው» ይለዋል። ከወንድሙ ጋር አብረው እንደተያዙ፣ ኮቱን እስር ቤት እንደገፈፉት፣ ወንድሙም አጠገቡ በጥይት እንደወደቀ ነገራት። «ኖራውን ሲያፈሱበት በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

እናት ስለ ልብስ ስትጠየቅ ፊቷ ፈካ። ከአንድ ጨርቅ ሁለት ኮት ሰፍታላቸው ነበር። እየተለዋወጡ ሲጣሉባት ለታላቁ ሰማያዊ፣ ለታናሹ ቡናማ ገበር አደረገችላቸው።

በማግስቱ ጉጉት ሦስቱንም አፅሙ ወዳረፈበት ክፍል ጠራቻቸው። ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ኖራው ከሟቹ በታች ነው፤ ስለዚህ ወደ ጉድጓዱ የገባው ኖራው ከፈሰሰ በኋላ ነው» አለች። «በጥይትም አልሞተም። የለበሰው ኮት ገበሩ ሰማያዊ ነው፤ የራሱ ነው። ከራሱ ሥር ያለው ግን ቡናማ ነው። እስር ቤት የተገፈፈ ኮት በእግሩ ሄዶ እዚህ አይታጠፍም። የጉድጓዱን ቦታ የሚያውቅ፣ ኮቱም የእሱ የሆነ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሾፌሩ ዞሩ። እሱ ወለሉን ያያል።

«ወንድሜን አልያዙትም፤ ተደብቆ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጓደኞቹን ጠቁሜ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ከጉድጓዱ አፋፍ የለቀቁኝ። የተቀበሩበትን አሳየኝ ብሎ ለመነኝ፤ ወሰድኩት። እዚያ ሲደርስ አንተ እንዴት ተረፍክ አለኝ። አንገቴን ስደፋ ገባው። ለእማዬ እነግራታለሁ ብሎ ፊቱን ሲያዞር፣ ድንጋይ አነሳሁ።»

እናት ቡናማውን ገበር አተኩራ አየችው። ስፌቱ የእጇ ሥራ ነው።

«ኮትህን ምነው ከራሱ ሥር አደረግክ?»

«እንዳይቆረቁረው ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ እኮ የሱ ዕድሜ ላንተ ተጨምሮልኛል እያልኩ ነበር የምጽናናው» አለች ቀስ ብላ።

ፖሊሱ ሲወስደው ዞራ አላየችም። ወደ ጉጉት ጠጋ አለች። «ልጄ፣ የሬሳ ሳጥኑን ከፊት የሚይዘው ታናሹ ነበር። አሁን ማን ይሸከምልኛል?»

ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ አለሁ፣ እናቴ።»