ከግንቡ ሥር የተገኘው ብስክሌተኛ

ጋስፓር ከከተማዋ የጥንት ግንብ ሥር፣ እሾህ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አብረውት አገር ላገር ብስክሌት ሲነዱ የከረሙት ጓደኞቹ የዕረፍት ቀናቸው ነበርና በየጠባቡ መንገድ ተበታትነው ከተማዋን ሲያዩ ውለዋል። ማንም ምንም አላየም።

የፖሊስ መርማሪዋ ሻምበል ኦዲል የሟቹን ጣቶች አገላብጣ አየች። ጥፍሩ ሥር ከግንቡ የተፋቀ የድንጋይ ሽበት ተሰግስጓል። ራሱን የጣለ ሰው ግንብ አይቧጥጥም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቲቦ ነው። ትናንት ጋስፓር ቁልቁለት ላይ ገፍቶ ሲጥለው «እገድልሃለሁ!» ብሎ መጮኹን ሁሉም ሰምቷል።

«አዎ፣ ብያለሁ!» አለ ቲቦ፣ የተላጠ ክርኑን እያሳየ። «ግን ከምሳ ጀምሮ አደባባዩ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር የብረት ኳስ ስወረውር ነው የዋልኩት። ይጠይቋቸው።»

ጠየቀች። «የሱ ውርወራ እንኳን ሰው ዝንብም አይገድልም!» ብለው ሳቁ።

ቀጥሎ ማርሴሊን ገባች። ለዓመታት ከጋስፓር ጎን ስትነዳ የኖረች፣ ጸጉሯ የሸበተ ዝምተኛ ሴት ናት።

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ፣ እመቤቴ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ጸጥ ያለ ነው፤ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።»

«ከቀትር ጀምሮ እኮ ኦርጋኑን ሲጠግኑ ነው የዋሉት። ጩኸቱ እኔን ከቢሮዬ አስወጥቶኛል።»

ማርሴሊን አልደነገጠችም።

«ልጄን ባስቲያንን» አለች፣ «ከከተማችሁ በታች ያለው መታጠፊያ ላይ መኪና ገጭቶት አመለጠ። ልጄ በብስክሌት ነበር። እናንተ ገዳዩን አላገኛችሁትም። ዛሬ ምሳ ላይ ጋስፓር ወይኑ ሞቅ ሲያደርገው መታጠፊያውን በመስኮት አሳየኝ። ‹እዚያ ጋ አንዱን ብስክሌተኛ ገጭቼ ነበር፤ ሰክሬ ስለነበር አልቆምኩም› ብሎ ሳቀ። ስንት ዳቦ አብረን ቆርሰናል!»

«ልጅዎ መሆኑን አላወቀም?»

«ግንቡ ላይ አወጣሁትና ነገርኩት። ‹ያለፈ ነገር ነው፤ ምን ላድርግሽ?› አለኝ። ገፋሁት። ጠርዙን ይዞ ተንጠለጠለ። ‹ማርሴሊን፣ እጅሽን!› አለኝ። ቆሜ አየሁት።»

ኦዲል ካቴናውን አወጣች።

«አይጸጸቱም?»

«ልጄ እስኪነጋ ቦይ ውስጥ ሲያቃስት ነው ያደረው። ጋስፓር ግን ወዲያው ሞተ» አለች ማርሴሊን፣ እጆቿን እየዘረጋች። «የሚቆጨኝ ይሄ ብቻ ነው።»