እንደራሴው ብድግ ያሉ ዕለት

ቢቸና ላይ የሚወራው እንዲህ ነበር። የሕዝብ እንደራሴው ቀኛዝማች አካለ ወልድ፣ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚጥለው ረቂቅ ሕግ ለድምፅ በቀረበበት ዕለት ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። የወገናቸውን ርስት መሬት ለሚለካ ቀላድ አሳልፈው የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

ሞጣ ላይ የሚወራው ሌላ ነው። ሰብሳቢው «ሕጉን የምትደግፉ ቁሙ» ሲል እኒያው ቀኛዝማች ብድግ አሉ። ለአቤቱታ አዲስ አበባ የከረመ አንድ የሞጣ ነጋዴ ከተመልካቾች መቀመጫ ላይ ሆኖ በዓይኑ አይቷል።

የሺእመቤት ሁለቱም ወሬ ያስጨንቃታል። የሞጣው ባላባት የግራዝማች ኃይለ ሚካኤል ልጅ ናትና የመጀመሪያውን ለማመን ይከብዳታል። የምትወደው ሰው የእንደራሴው ልጅ ሙሉአለም ነውና ሁለተኛውን ማመን ያማታል።

ሙሉአለምን ያገኘችው ጉም ውስጥ ነው። በመስከረም ማለዳ ሞጣ ላይ ጉም ሲወርድ ቤቱም ዛፉም ይጠፋል፤ የጊዮርጊስ ደወል ብቻ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ይሰማል። ቀይ ጥላዋን ይዛ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ከኋላዋ የበቅሎ ኮቴ ሰማች።

«እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ነው?»

«ከየት ነህ አንተ?»

«ከቢቸና። አዲሱ አስተማሪ ነኝ።»

«እንዴ! ቢቸናዎችም መንገድ ትጠይቃላችሁ? ሁሉን የምታውቁ ነበር የሚመስለን። በል፣ ጥላዬን ተከተል።»

ዘወር ሳትል ሄደች። እሱም ከበቅሎው ወርዶ፣ በነጩ ጉም መካከል ያቺን ቀይ ጥላ እያየ ተከተላት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጉሙ ሲገለጥ ፊት ለፊት ተያዩ። እሷ ቶሎ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። እሱ መጣሉን ረሳው።

ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ከቤቷ ማዶ ካለው ዋርካ ሥር ቆሞ ይጠብቃት ጀመር።

«ዛሬም መንገዱ ጠፋብኝ» ይላታል።

«አንተ ሰው፣ በጋ ሲገባስ ምን ልትል ነው?»

«እኔ እንጃ። መንገዱ አስቸጋሪ ነው።»

ኅዳር ላይ ሕጉ ጸደቀ። ወሬው ሞጣ ሲደርስ ገበያው ታመሰ፤ መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊነቀል ነው ተባለ። ግራዝማች ልጃቸውን ጠርተው፣ «ርስቴን ያስለካብኝን ሰው ልጅ ከደጄ እንዳላይ» አሏት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እሷን ያስፈራት ይኸው ነበር።

በማግስቱ ስስ ጉም ነበር። ዋርካው ሥር ስትደርስ ጥላዋን ዘረጋች፣ ግን አልተራመደችም።

«ሙሉአለም፣ እውነቱን ንገረኝ። አባትህ ተነሥተዋል?»

ጉሙ በመካከላቸው አለፈ።

«ተነሥተዋል።»

ጥላዋን አጠፈችው።

«ለሕጉ ግን አይደለም። አባቴ በዕድሜ የገፉ አንድ እንደራሴ አርፍደው፣ በምርኩዝ እየተደገፉ ሲገቡ አዩ። ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጠው አያውቁም። ብድግ አሉ። ልክ ያን ጊዜ ሰብሳቢው ‹የምትደግፉ ቁሙ› ብሎ ኖሮ፣ አብረው ተቆጠሩ።»

«ታዲያ ስሕተት ነው ማለት አቃታቸው?»

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ‹በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በእርስዎ የተነሣ ተሳሳትሁ ብዬ ሽማግሌ አላሸማቅቅም› አሉኝ። ቢቸና ላይ አልተነሡም የሚለውን የሚያወራው ወዳጃቸው ነው፤ እሳቸው አላሉም።» ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቃት። «ታምኚኛለሽ?»

«ማመን እፈልጋለሁ» አለች። ያን ቀን ትምህርት ቤት ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ፣ ግን በየብቻቸው የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

በጥር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የሺእመቤትን ለሙሉአለም ሊጠይቁ ከቢቸና ሽማግሌዎች መጡ። ሽማግሌ ልከው ቤታቸው መቅረት የሚገባቸው የልጁ አባትም አብረው መጡ። ሙሉአለም በቅሎዎቹን ይዞ ከአጥር ውጭ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በሩ ሥር ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ግራዝማች። «መቼም ቀኛዝማች መቆም ይወዳሉ።»

አንዱ ሽማግሌ ከንፈሩን ነከሰ። ቀኛዝማች ግን ረጋ ብለው፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

«ጉዳያችሁን አውቄዋለሁ። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ግራዝማች ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው በመካከላቸው ቆሙ።

«እንደራሴ ቤቴ ከመጣ በፓርላማው ደንብ እንሂድ። ሐሳብ አቀርባለሁ፣ ድምፅ ትሰጣላችሁ። ያመነ ይቆማል፣ ያላመነ ይቀመጣል። ይሁን?»

«ኧረ ግራዝማች፣ ጋብቻ እኮ ነው!» አለ አንዱ።

«ርስቴም ርስት ነበር።»

የሺእመቤት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር። በመስኮቱ ስታይ፣ እሑድ እሑድ ቤቱን ሊባርኩ የሚመጡት የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሕይወት በምርኩዝ ቀስ እያሉ ግቢውን ያቋርጣሉ። ሙሉአለም የነገራት ትዝ አላት። በጓዳው በር ሮጣ ወጥታ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ትልቁ በር መራቻቸው።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ምን አጣደፈሽ?»

«እዚህ በር ላይ ትንሽ ይቁሙልኝ፣ አባ።»

ከውስጥ የአባቷ ድምፅ መጣ። «እንግዲህ፣ ልጅቷ ለዚህ ሰው ልጅ አትሰጥም የምትሉ...»

በሩን ገፋችው። «አሁን ይግቡ።»

«...ቁሙ!»

ሽማግሌዎቹ ቄሱን አይተው ሊነሡ ሲሉ ድምፅ መስጠቱ ትዝ አላቸውና ወገባቸው እንደጎበጠ ቀሩ። ቀኛዝማች አካለ ወልድ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አያችሁ!» አሉ ግራዝማች። «በገዛ ልጁም ላይ ቆመ!»

«ግራዝማች» አለ እንደጎበጡ ከቀሩት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሳቁን እየታገለ፣ «እስቲ ዞር ይበሉ።»

ግራዝማች ዞሩ። ምርኩዙን አዩ፣ ቄሱን አዩ፣ እንደገና ቀኛዝማችን አዩ። ቀኛዝማች ተቀምጠውበት የነበረውን አጎዛ አስተካክለው፣ «እዚህ ይረፉ፣ አባ» አሉ።

የሺእመቤት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች። ማመን መፈለጓ ቀረ፤ አመነች።

ቄሱ በአጎዛው ላይ ተቀመጡ።

«ያን ዕለትም እንዲህ ነበር?» አሉ ግራዝማች በመጨረሻ።

«እንዲህ ነበር። ዝም ማለቴን ግን አልከራከርም፤ እሱ የራሴ ጥፋት ነው።»

«እሱን ገና እንነጋገርበታለን፣ ቀኛዝማች። ሕጉን አልዋጥሁትም።» ግራዝማች ጢማቸውን ዳሰሱ። «ይሄ ድምፅ ግን አይቆጠርም።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የሺ፣ ቤቱ ያንቺን ድምፅ ይጠብቃል። ምን ትያለሽ?»

ከአጥሩ ማዶ ሙሉአለም የበቅሎዎቹን ልጓም ይዞ ወደ ደጁ ይመለከታል። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። በዚህ ጊዜ እሷም ዓይኗን መሬት ላይ መጣል ረሳች። በሩ አጠገብ የተደገፈውን ቀይ ጥላዋን አነሣችና፣ በቤቱም በደጁም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ሙሉአለምን አገባለሁ። ብቻውን ከሰደዳችሁትማ ቢቸና አይደርስም፤ መንገድ ይጠፋበታል።»