አራቱ የሞስብሩክ ጎሎች

የቢርንታል እግር ኳስ ክለብ መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ታሪኩን ይጽፍለት የነበረው ሰው በክለቡ ምድር ቤት ሞቶ ተገኘ።

ሟቹ አልበርት ሁንዚከር የተባለ ጡረተኛ መምህር ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ የክለቡን መጠጥ ቤት የምታስተዳድረው ትሩዲ ቢራ ልታወጣ ስትወርድ በጀርባው ተዘርሮ አገኘችው። ጭንቅላቱ ከድንጋይ ደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ደሙ ረግቷል። ረጅሙ የእንጨት መሰላል አጠገቡ ወድቋል፤ የድሮ ፎቶግራፎች ደረቱ ላይ ተበትነዋል።

የመንደሩ ፖሊስ «ከመሰላል ወድቆ ነው» ብሎ ነገሩን ሊዘጋ ነበር። መርማሪ ሬጉላ ኤግሊ ግን ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በመጀመሪያው ባቡር መጣች። አጭርና ደንዳና ሴት ናት፤ ሰው ሲያወራ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ዓይኗን ትከድናለች። በዚህ ተታሎ ከሚገባው በላይ ያወራላት ሰው ብዙ ነው።

«የተመታው ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ነው ይላል ሐኪሙ» አለቻት ለትሩዲ። «ነፍሱ የወጣችው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። መሰላሉ የት ነበር የሚቀመጠው?»

ትሩዲ ግድግዳው ላይ፣ ከራሷ በላይ የተተከሉትን ሁለት መንጠቆዎች አሳየቻት። «እዚያ ነው የሚሰቀለው። ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ ዘርግተው ካላነሱት አይወርድም። እኔን ግራ የገባኝ ግን... አልበርት እኮ መሰላል አይወጣም። ወንበር ላይ እንኳ ሲቆም ያዞረዋል። ከላይ የሚፈልገው ነገር ካለ እኔን ነው የሚጠራኝ። ‹ነይ አንቺ ክንፋም› ይለኝ ነበር።»

እንባዋን በሽርጧ ጠረገች።

«እንደሚያዞረው ማን ያውቃል?»

«እኔና ሜዳ ጠባቂው ፍሪዶ። ሌላ ማን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል? ብሩኖም ቁልፍ አለው፤ ግን እሱ የክብር ፕሬዚዳንት ነው፤ ስንት ዓመቱ እዚህ ከወረደ!»

መርማሪዋ ወደ ላይ ስትመለስ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጣት የምታክል ነጭ እድፍ አየች። ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ፋቀቻት። ቀለም ነበር።

ቀለሙን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። የሜዳው ጠባቂ ፍሪዶ ካፔለር ከጎን መስመሩ አጠገብ ቆሞ በቁጣ ይወራጫል።

«የትኛው አህያ ነው መስመሬን የረገጠው? ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ነው የቀባሁት፤ ገና ሳይደርቅ!»

እውነትም ነጩ መስመር በአንድ ቦታ ተቆርጧል፤ የጫማ ተረከዝ ምልክት ወደ ክለቡ ቤት ያመራል። ከመስመሩ ወዲያ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ቀይ መስኮቶች ያሉት አንድ ቤት ብቻ ይታያል።

በዚያው ቅጽበት ሁለት ሽማግሌዎች በብስክሌት ሲያልፉ አንደኛው ጮኸ። «ወንፊት! ዛሬስ ስንት ገባብህ?»

«የአማትህን ያህል ትልቅ ኳስ ስታመጣ እይዘዋለሁ!» ብሎ መለሰ ፍሪዶ። እየሳቁ ሄዱ። የእሱ ፊት ግን አልሳቀም።

«ወንፊት?» አለች መርማሪዋ።

«ግብ ጠባቂ ነበርኩ። ዘንድሮ አርባ ዓመቱ ነው። ከሞስብሩክ ጋር አቻ ብንወጣ ወደ ላይኛው ምድብ እናልፍ ነበር። አራት ለዜሮ ተሸነፍን። አራቱም በግራዬ፣ ከላይ ገቡ።» ግራ እጁን አነሳ፤ ክንዱ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ጨዋታው ሦስት ቀን ሲቀረው ከሣር ጋሪ ላይ ወድቄ ትከሻዬ ወለቀ። እንደዚያው ሆኜ ተጫወትኩበት፤ ከዚያ ወዲህ ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ አይሄድም።»

«መጎዳትዎን ማን ያውቅ ነበር?»

«አምበላችን ብሩኖ ብቻ። ‹ሞስብሩኮች ከሰሙ ይጨርሱሃል፣ ለእናትህም እንዳትናገር› አለኝ። አልተናገርኩም።»

«ብሩኖስ ከዚያ በኋላ?»

«በዓመቱ ሞስብሩክ ወሰዱት፤ ስድስት ዓመት ተጫወተላቸው። ጎበዝ ነበር፣ ይገባዋል። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት እኔ ነኝ እኮ!»

ሬጉላ ኤግሊ የብሩኖን ቤት ጠይቃው ሄደች።

ብሩኖ ሼር ባለ ቀይ መስኮቱ ቤት ውስጥ በትሕትና ተቀበላት። «ምስኪን አልበርት! በዚህ ዕድሜው መሰላል ምን ያደርግለታል? ስንቴ መከርኩት።»

«ዓርብ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ የበዓሉን ንግግር ስጽፍ። እግሬ ከደጃፍ አልወጣም።»

«አልበርት የሚጽፈውን የክለቡን ታሪክ አንብበውታል?»

«ለማን አሳየና? ምስጢረኛ ነበር።»

ይህን ሲናገር መርማሪዋ ያንቀላፋች ትመስል ነበር። እሷ ግን በር ሥር የተቀመጠውን ቡናማ ቆዳ ጫማ እያየች ነበር። በደንብ ተወልውሏል፤ ስፌቱ ውስጥ የገባው ነጭ ግን አልወጣም።

ከአልበርት ኪስ በተገኘው ማስታወሻ ላይ «የሞስብሩክ ክለብ ቤተ መዛግብት» የሚል ጽሑፍ ነበር። ሞስብሩክ በባቡር ሦስት ጣቢያ ብቻ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት ሄዳ መጣች።

እሑድ፣ የበዓሉ ጨዋታ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ሦስቱን የቁልፍ ባለቤቶች መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውጭ የመንደሩ ሰው ቋሊማ እየጠበሰ ይንጫጫል።

«አልበርት አልወደቀም፤ ገፍተው ጣሉት» ብላ ጀመረች። «ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል መሰላሉን አውርዶ አጠገቡ ጣለው። ትሩዲ አታደርገውም፤ መሰላል እንደማይወጣ እያወቀች መሰላል አትመርጥማ።»

«ቀለሙስ?» አለ ብሩኖ ፈጠን ብሎ። «ደረጃው ላይ ነጭ ቀለም አለ ሲባል ሰማሁ። ቀለም የሚነካው ፍሪዶ ነው!»

ፍሪዶ ዞሮ አየው፤ ጆሮውን ያመነ አልመሰለም።

«ነው» አለች መርማሪዋ። «ግን ያንን መሰላል ለማውረድ ሁለት ክንድ ከራስ በላይ መነሳት አለበት። የፍሪዶ ግራ ክንድ ከደረቱ አያልፍም፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አቶ ሼር። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት የተቀባውን መስመር የረገጠ ሰው ከእርስዎ አጥር በኩል ነው የመጣው። ከደጃፍ አልወጣሁም ብለዋል፤ ቀለሙ ግን የቆዳ ጫማዎ ስፌት ውስጥ ነው።»

«ለምን ብዬ ነው አልበርትን የምገድለው?»

መርማሪዋ አንድ ወረቀት ዘረጋች። «አልበርት የያዘውን የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ወስደዋል። ዋናው ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሞስብሩክ ተቀምጧል። የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው፣ ፊርማውም።» አነበበችው። «‹የግብ ጠባቂያችን ግራ ክንድ አይነሳም። በእሱ ግራ፣ ከፍ አድርጋችሁ ምቱ። እኔን በሚመለከት የገባችሁትን ቃል አትርሱ።›»

ትሩዲ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የአልበርት ማስታወሻ የመጨረሻ መስመር ደግሞ ይህ ነው» አለች መርማሪዋ። «‹ብሩኖ ራሱ ለፍሪዶ እንዲነግረው እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠሁት።›»

ብሩኖ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። «ልገድለው አልነበረም። ወረቀቱን ልነጥቀው ስል...»

«አንድ ሰዓት ሙሉ እስትንፋስ ነበረው፤ እርስዎ ፎቶግራፍ ይበትኑበት ነበር።»

ፍሪዶ ቀስ ብሎ ተነሳና ብሩኖ ፊት ቆመ።

«ወንፊት ብሎ ስም ያወጣልኝ ማን እንደሆነ ታስታውሳለህ? አንተ ነህ። የዚያኑ ዕለት፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ። ሁሉም ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አምበሌ ሊያጽናናኝ ቀለደብኝ ብዬ።»

«ፍሪዶ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር...»

«እኔስ? እኔ ሃያ አንድ ነበርኩ።» ድምፁ ከፍ አላለም። «ብትነግረኝ ኖሮ ጥርስህን አወልቀው ነበር። በሳምንቱ ደግሞ መጥቼ አብሬህ እጠጣ ነበር። ከአንተ ሌላ ማን ነበረኝ? አሁንማ ገዳይም ልታደርገኝ ነበር።»

ብሩኖ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በሩ ላይ ይጠብቅ የነበረው የመንደሩ ፖሊስ በጓሮ በር ይዞት ወጣ።

ትሩዲ ወደ ፍሪዶ ቀረበች። «እኔም እኮ በዚያ ስም ጠርቼሃለሁ» አለችው።

«ሁላችሁም ጠርታችሁኛል» አላትና ኮፍያውን አነሳ። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ልጁ ኮርኔሊያ ከፖሊስ አፍ አትስማው። እኔ ልንገራት።»

«እርስዎ ለምን? ይህን ሁሉ ካደረገብዎት በኋላ?»

«የክርስትና አባቷ ነኛ! ከነገ ጀምሮ በዚህ መንደር ስም ይወጣላታል። ያ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሬጉላ ኤግሊ ሰዓቷን አየች። «ፖሊስ ቤቷ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት አለዎት» አለችው።

ፍሪዶ በመንገዱ ዞሮ ባለ ቀይ መስኮቱ ቤት ሄዶ አንኳኳ። ኮርኔሊያ የበዓል ልብሷን ለብሳ፣ አንድ ጆሮ ጌጧን እያደረገች ከፈተችለት።

«ፍሪዶ! ጨዋታው ሊጀመር አይደል እንዴ? አባባ ቀድሞኝ ወጥቷል።»

ፍሪዶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ወንበር አምጪ፣ ልጄ» አላት። «ሁለት አምጪ።»