ሻምበልና የማዳበሪያው ዋሻ

ሻምበል አገጩን የዋሻው አፍ ላይ አስደግፎ ተኛ። ከማዶ በኩል ዜማ በጉልበቷ ተንበርክካ መዳፏ ላይ የተቀቀለ ሳንባ ታሳየዋለች። የሳንባው ሽታ ከአብማ ማርያም ወዲህ ያሉትን ውሾች በሙሉ አጥሩ ሥር ሰብስቧቸዋል። የተጋበዘው ግን አልነቃነቅ አለ።

«ሻምቤ፣ ና የኔ ጌታ። ና እንጂ።»

ሻምበል ጅራቱን ሁለቴ አወዛወዘ። ከዚያ በላይ አልተባበረም።

በደብረ ማርቆስ ምድር እንደ ሻምበል ያለ ውሻ አልተፈጠረም። ሲጮህ የጨሞጋ ወንዝ መፍሰሱን ለአፍታ ገታ ያደርጋል። ባለፈው ክረምት አጥር ዘሎ የገባ ጅብ እሱን ሲያይ ይቅርታ ጠይቆ በበሩ መውጣቱን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። እንዲህ ያለው ጀግና ነው እንግዲህ ሦስት እርምጃ በማትሞላ የከረጢት ዋሻ ፊት ተኝቶ የቀረው።

ጣጣው የመጣው ከዜማ አፍ ነው። ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት፣ ውሾች በመሰናክል ላይ ሲሽቀዳደሙ በአጎቷ ስልክ ያየችውን ቪዲዮ ስታወራ፣ እንዳላማው የሚባል የክፍሏ ልጅ አቋረጣት።

«የእናንተ ውሻ ደሞ ምን ይችላል? እንቅልፍ?»

«የኛ ውሻ በዋሻ ውስጥ እንደ ጥይት ነው የሚያልፍ» አለች።

በዚያች ሰዓት ዋሻም አልነበረም፣ ጥይትም አልነበረም።

«በቃ፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት መጥተን እናያለን» አለ እንዳላማው። «ካላለፈ ግን ከዚያ ጀምሮ ስምሽ ወሬ ነው።» ስምንተኛ ቢ በሙሉ ሰማ። ስምንተኛ ቢ ደግሞ የሰማውን አይረሳም።

ዜማ ለአጎቷ ለአበረ ነገረችው። አበረ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፤ በዓለም ላይ የማይችለው ነገር እስካሁን አልተገኘም። በማግስቱ የሬንጅ በርሜል ባጃጁ ላይ ጭኖ መጣ። ሁለቱንም ክዳን በመሮ አስፈልፍሎታል። ዜማ አንድ ጠጠር ብትወረውርበት ሻምበል ጓሮ ገብቶ ተደበቀ።

«ይኼ ዋሻ አይደለም ጋሼ፣ ነጎድጓድ ነው። ጠርዙም እንደ ምላጭ ይቆርጣል።»

«እሺ፣ መንገድ ሠሪዎቹ የተዉት የሲሚንቶ ቱቦ አለ። አራት ሰው ይሸከመዋል።»

«አራት ሰው ከየት?»

«ሦስቱን እኔ አክላለሁ። አንድ ፈልጊ።»

በመጨረሻ ዜማ ራሷ መረጠች። ከገበያ የመጣ ቀርከሃ በውኃ ነክረው አጎብጠው ሰባት ቀለበት አወጡለት። በቀለበቶቹ ላይ ደህና አድርጋ ያጠበችውን የማዳበሪያ ከረጢት ሰፋችበት። ነጭ ስለሆነ ብርሃን ያስገባል፤ ሻምበል ጎንበስ ሳይል ይቆምበታል፤ ሲገፉት እንደ አኮርዲዮን ተጨምቆ አንድ እርምጃ ብቻ ይሆናል። እንዳይንከባለል ግራና ቀኙን አሸዋ በሞላ ከረጢት ደገፈችው። አበረም እጁ እንዳይቀርበት፣ «አፉን ለኔ ተይው» ብሎ እናቷ የጣሉትን አሮጌ ባለ ቀይ አበባ የበር መጋረጃ ሁለት ቦታ ከፍሎ ሰቀለለት።

ከሐሙስ ጀምሮ ሞከሩ። ጨምቀው ሞከሩ፣ መጋረጃውን ገልጠው ሞከሩ፣ ዜማ ራሷ ሃያ ጊዜ እየዳኸች አለፈች። ሻምበል የዋሻው አፍ ድረስ መጥቶ ይተኛል።

አሁን ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አበረ ከባጃጁ ገመድ ይዞ መጣ።

«አንገቱን እሰሪውና እኔ ከወዲህ ልሳበው። ልጆቹ አጥሩ ጋ ነው የሚቆሙት። ገመዱን ማን ያየዋል?»

ዜማ ገመዱን ተቀበለች። ስታስረው ሻምበል አልተቃወማትም፤ እንዲያውም አንገቱን ዘረጋላት። ግን ቆዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኑም ዋሻውን አያይም። ከትከሻዋ በላይ የቤቱን በር ያያል።

በሩ ላይ እናቷ ወይዘሮ ጤናዬ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል። ሻምበል ሆዱን ከመሬት አጣበቀ።

ያኔ ዜማ ገባት። እንዲህ ተኝቶ አይታዋለች፤ ማታ ማታ እነሱ ቤት ውስጥ እራት ሲበሉ። የፊት እግሮቹን ሰብስቦ፣ አገጩን የበሩ ደፍ ላይ አድርጎ፣ በዚያው ባለ ቀይ አበባ መጋረጃ ሥር። አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ደፍ አንድ ጥፍሩ አላለፈም። ቡችላ ሳለ አንዴ ቢያልፍ፣ በዚያ መጥረጊያ ተመትቶ «ክላ!» ተብሎ ወጥቷል።

«እማዬ፣ ፈርቶ አይደለም» አለች። «ቤት መስሎት ነው።»

«ምኑ?»

«ዋሻው። መጋረጃሽን እይው። እንዳይገባ ያስተማርሽውን ነው የሚያደርገው።»

አበረ ጭንቅላቱን አከከና መጋረጃውን ገነጠለ። ሻምበል ግን ንቅንቅ አላለም። ሦስት ቀን ሙሉ ቤት የነበረ ነገር መጋረጃው ስለወረደ ቤትነቱን አይተውም።

«አንቺ ግባ ካላልሽው አይገባም» አለች ዜማ ገመዱን እየፈታች።

«ለውሻ ግባ የሚባል የት አገር ነው? ጎረቤት ቢሰማስ?»

«አንዴ ብቻ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ጤናዬ መጥረጊያውን አዩት። ከዚያ ለአበረ ሰጡትና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከዋሻው ማዶ ቁጭ አሉ። አጥሩን ወዲያና ወዲህ ቃኙ።

«ግባ» አሉ። ሻምበል ጆሮውን አቆመ። «ግባ እንጂ አንተ። ምን ቆመሃል ደጅ ላይ?»

አንድ እግሩን አስገባ፤ ጠበቀ። ማንም አልመታውም። ሁለተኛውን አስገባ። ከዚያ በነጩ ከረጢት ላይ ጥላው ብቻ ታየ፤ ቀስ እያለ፣ በየቀለበቱ እየቆመ። በማዶ ወጥቶ ጭንቅላቱን ወይዘሮ ጤናዬ ጭን ላይ ጣለው። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ዋለለና በጆሮዎቹ መካከል አረፈ።

«ክላ» አሉት በሹክሹክታ። እጃቸው ግን አልተነሳም።

የግቢው በር ተንኳኳ። እንዳላማው ስድስት ልጆች አስከትሎ መጣ።

«የታለ ጥይቱ?»

ዜማ ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። «የማክሰኞው ውሸት ነው። ያኔ ዋሻም አልነበረን። ዛሬ ግን አንዴ አልፏል። ቀስ ብሎ።»

«መቼ?»

«አሁን፣ ሳትመጡ።»

«ሳንመጣ» አለ እንዳላማው ወደ ልጆቹ ዞሮ። ልጆቹ ሳቁ። «ወሬ! አላልኳችሁም?»

አበረ አፉን ከፈተ። ዜማ አየችው። በጎጃም ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አበረ የከፈተውን አፍ ምንም ሳይናገር ዘጋ።

«ልጆች፣ ግቡ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ጤናዬ። «ምን ቆማችኋል ደጅ ላይ?»

ሻምበል ብድግ አለ። ዋሻውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ዜማን አየ። እግሮቹ ገና ይንቀጠቀጣሉ። ዜማ አንድ ቃል ብትጨምርለት ይገባል። ስምንተኛ ቢም ያያል።

ዜማ አጠገቡ ተቀመጠችና መዳፏን ጀርባው ላይ አደረገች።

«አንተን አይደለም» አለችው። «ተኛ።»