ወደ መስኮቱ ያጋደለው ዛፍ

ደብሪቱ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታነሳው መቀሷን ነው። መስኮቱ ሥር ያለውን ቦትልብራሽ፣ ያንን ክረምት ከበጋ ቅጠሉን የማይጥል፣ አበባው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ቀልቶ የሚቆም ዛፍ፣ አበባው ሲጠወልግ ጫፍ ጫፉን ትከረክመዋለች፤ ሥሩን ትኮተኩታለች፤ ውሃ ታጠጣዋለች። የተከሉት አማቷ እማማ የሹምነሽ ናቸው፤ የደብሪቱ ልጅ ይመኙሻል የተወለደች ጊዜ፣ እትብቷን ቀብረው እዚያው ላይ።

ዘንድሮ ግን ዛፉ አናደዳት። ዛፍ የሚያዘምመው ወደ ፀሐይ ነው፤ ይሄ ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መስኮቱ አጋደለ። ከመስኮቱ ወዲያ ደግሞ የሰባት ዓመቷ ይመኙሻል ከሐምሌ ጀምሮ ተኝታለች፤ አትበላ፣ አትስቅ፣ እግሯ እንደ ምንጭ ውሃ የቀዘቀዘ፣ ገላዋ ቢታጠብ ቢታጠብ ዝናብ የመታው አፈር የሚሸት።

«ልጄን የሚመጥጣት ይሄ ነው!»

«የእትብቷን ቦታ እንዳትነኪ!» አሉ እማማ የሹምነሽ። «አንቺ ደረቅ፣ ስሚኝ እንጂ!»

«እርስዎ ተክለው እኔ ልቅበር?»

ደብሪቱ በመስኮቱ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ እስከ አሮጌው እንጨት ድረስ ጨፈጨፈችው። ቦትልብራሽ እስከዚያ ከተቆረጠ እንደማያቆጠቁጥ ታውቃለች። በሳምንቱ ከዚያው ከደረቀው ላይ ቀጫጭን ቀንበጥ አምስት አምስት እየሆነ ወጥቶ የመስኮቱን መዝጊያ ይቧጥጥ ጀመር። ብትይዘው፣ በዚያ የደሴ ብርድ፣ ለብ ያለ ነው። ስትሰድበው ነፋሱ ሳይቆም እሱ ዝም ይላል፤ ዞር ስትል ደግሞ ይቧጥጣል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለማመጥ ሰው።

ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳር አነሳች። በመጀመሪያው ምት አበባው በሙሉ ባንዴ ረገፈ፤ ከተሰነጠቀው ግንድ የሕፃን አናት ጠረን ወጣ። ምሳሩን ዝቅ አደረገች። ንዴቷ ግን መልሶ አስነሳት፤ «ልጄን አልሰጥህም!» እያለች መታችው፣ መታችው፣ አንዳች ሲቃ የመሰለ ድምፅ አሰምቶ እስኪጋደም ድረስ። እማማ የሹምነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ያለቅሳሉ።

እየሮጠች ገባች። ይመኙሻል አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ጉንጯ ቀልቷል።

«ራበኝ» አለች።

ሁለት ሳህን ጥርግ አድርጋ በላች። ደብሪቱ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ የልጇን እግር በመዳፏ ያዘችው፤ ሞቋል። ልጅቷ ጣቷን ላሰችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «እንኳን ቆረጥሻት እማዬ» አለች፤ «ቀን ከሌት ‹አልጋዬን መልሽልኝ› እያለች አስቸግራኝ ነበር እኮ።»