ዛሬም ተነፈሰ!

«ትስስስ…»

ፀጋ ብስክሌቷን እየገፋች ከግቢው ወጥታ ገና ሳትፈናጠጥ ነው የሰማችው። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ፊተኛው ጎማ አስጠጋች። አየሩ እየወጣ ነው።

«ኧረ በማርያም! ዛሬም? ዛሬ እኮ ማጣሪያ ነው!»

ከሰዓት በኋላ ሰቆጣ ላይ የሴቶች ብስክሌት ማጣሪያ አለ፤ አንደኛ የወጣችው ትምህርት ቤቱን ወክላ ለዞን ትወዳደራለች። ያቺ ልጅ ለመሆን ፀጋ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ስትለማመድ ከርማለች። ያ የተረገመ ጎማ ግን ሰሞኑን ጤና ነስቷታል። ጠዋት ደህና ሆኖ ይወጣል፤ ከክፍል ስትወጣ ተንፍሶ ይጠብቃታል። ጎሚስታው ተስፋው ራሱ «አንቺ ልጅ፣ እዚሁ አልጋ ላንጥፍልሽ እንዴ?» እያለ ይቀልድባታል።

ጥፋተኛዋንም አግኝቻታለሁ ብላ ነበር። ሀናን ናት! የባለሱቁ የሐጂ ዓሊዬ ልጅ፣ ብስክሌቷን ሁልጊዜ ከፀጋ አጠገብ የምታቆመው፣ ዳገት ላይ ማንም የማይደርስባት። ከእሷ ሌላ ማን ይሆናል? ትናንት ፀጋ የስፖርት መምህራቸው ቲቸር ንጋቱ ጋ ሄዳ «ጎማዬን በመርፌ ስትወጋ በዓይኔ አይቻታለሁ» አለቻቸው። አላየችም። ግን ከመጠርጠሯ ብዛት ያየች ያህል ነበር። ቲቸር ሀናንን ከማጣሪያው አስወጧት። ሀናን «ወላሂ አልነካሁም» ብቻ ብላ ሄደች።

አሁን ግን ነገሩ አልገጥም አላት። ትናንት ማታ ተስፋው ጎማውን ሲለጥፍላት ቆማ አይታለች። ብስክሌቱንም ቤት አስገብታ አልጋዋ አጠገብ ነው ያሳደረችው። ታዲያ ሀናን በጣሪያ ገባች?

ጎማውን በእጇ እያዞረች ፈተሸች። አገኘችው! አንድ የግራር እሾህ ጥልቅ ብሎ ገብቷል። መዝዛ አወጣችውና መሬቱን አየች። ከእግሯ ሥር ሌላ እሾህ፣ እዚያ ጋ ደግሞ ሌላ። ቀና ስትል በሩ አጠገብ የግራሩ ቅርንጫፍ ተጋድሟል። ማታ ጅብ እንዳይገባ በሩን የሚዘጉበት፣ ጠዋት ጠዋት ራሷ ወደ ጎን ጎትታ የምትጥለው ቅርንጫፍ።

«ወይኔ ጉዴ!»

በየጠዋቱ እሾሁን የምታራግፈው እሷ፣ በላዩ ላይ ብስክሌት የምታሳልፈውም እሷ! ትንንሾቹ እሾሆች ቀስ እያሉ ስለሚያስተነፍሱት ነው ጎማው ትምህርት ቤት ደርሶ የሚያልቅለት። ፀጋ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ከነገ ጀምሮ ብስክሌቱን ተሸክማ መውጣት ነው፣ በቃ፣ ተገላገለች!

አባቷ ቄስ ገብረ አምላክ ከኪዳን እየተመለሱ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ለብቻሽ የሚያስቅሽ?»

«እሾህ ነው፣ አባዬ።»

«እሾህ ደግሞ ያስቃል?» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ።

ያኔ ሀናን ትዝ አለቻት። ሳቋ ቀረ።

እስካሁን ማንም አላወቀም። እሾሁን ብትጥለው፣ ጎማውን ብታስጠግነው፣ ሀናን የሌለችበት ማጣሪያ የእሷ ነው። ይህን ስታስብ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ራሷን ጠላች።

እሾሁን በመሀረቧ ጠቅልላ፣ ብስክሌቷን እየገፋች ቁልቁል ወደ ገበያው ሮጠች። ሀናን የአባቷን ሱቅ ደጃፍ እየጠረገች ነበር። ስታያት ፊቷን አዞረች።

«ሀናን፣ ጎማዬን የሚወጋው ይሄ ነው» አለች ፀጋ እያለከለከች፣ መሀረቡን ፈትታ። «የራሳችን በር እሾህ። አይቻታለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ይቅርታ።»

ሀናን እሾሁን አየችው፤ ቀጥላ እሷን። «ለቲቸርስ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«አሁኑኑ። ብስክሌትሽን አውጪና እንሂድ።»

«አንቺን ቢያስወጡሽስ?»

ፀጋ ይህን አላሰበችውም ነበር።

«ካላስወጡኝ ግን ዳገቱ ላይ አለቅሽም» አለች።

«እናያለን!» አለች ሀናን። መጥረጊያውን ጥላ ብስክሌቷን አወጣች።

የተስፋውን ጎሚስታ ቤት ሲያልፉ ፀጋ አልቆመችም፤ ጎማው መሬት ለመሬት እየተለጠፈ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ታጠፈች። ሀናን ብስክሌቷ ላይ መውጣት ትችል ነበር። አልወጣችም። አጠገቧ ሆና እሷም ገፋች።