መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣ አንድ ወንበር

አረም በሎቹ ጠዋት ጠዋት ከጣና ወጥተው ዳር ላይ ይሰለፋሉ፤ ጥሩአየሁም ጥርሳቸው መሃል የተሰነቀረውን የእምቦጭ ሥር እየፈለቀቀች ታጸዳቸዋለች። እነዚህን እምቦጭ እየበሉ የሚዋኙ ማሽኖች አሥራ ሁለት ዓመት ተንከባክባለች። ቀለባቸውን ሐይቁ ይሰጣቸዋል፤ የሚያዛቸውና መለዋወጫ የሚልክላቸው ግን «የሐይቆች ስምምነት» የተባለው ዓለም አቀፍ ፈንድ ነው።

ያን ዕለት ጸድተው ሲያበቁ ወደ ውሃው አልተመለሱም። የሁሉም ግንባር ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ በራ፦ «እንኳን ደስ አላችሁ! አገራችሁ አድጋለች። ድጋፉ ተቋርጧል።»

«የምን ማደግ ነው?» አለች ጥሩአየሁ ለብረቱ።

አዲስ አበባ ደወለች። የስምምነቱን ጉዳይ የሚከታተለው የመንግሥት ኃላፊ፣ አቶ ምንተስኖት፣ በደስታ ሰክሯል።

«ሰማሽ አይደል? ከተረጂዎች ዝርዝር ወጣን! ከእንግዲህ ለሌሎች የምናዋጣው እኛ ነን።»

«ከምን ላይ ነው የምናዋጣው ጌታዬ? እምቦጩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳሩን ሁሉ ይዘጋዋል። ጀልባ ካልወጣ የመንደሩ ሰው ምን ይብላ?»

«በጀት እንጠይቃለን፤ ለሚቀጥለው ዓመት።»

«ይግባኝ በሉልን እንጂ!»

«ሠላሳ ዓመት የተመኘነውን ደረጃ ‹አንፈልግም› በል ነው የምትዪኝ? ከፈለግሽ ራስሽ በይ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ለስምምነቱ አገሮችን ያደገና ያላደገ ብሎ የሚለየው «ሚዛን» የተባለ ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። ሚዛን በወሬ አያምንም፤ ዕጣ ወደ ወጣላቸው መንደሮች ጎብኝ ይልካል። ጎብኝ ማለት ከፍየል የማይበልጥ፣ በአራት እግሩ ቤት ለቤት እየገባ ያየውን የሚቆጥር ማሽን ነው። ዘንድሮ ዕጣው ለእነ ጥሩአየሁ መንደር ወጥቶ ነበር። አገሪቱ ባደገና ባላደገ መካከል ድንበሩ ላይ ነበረች፤ ወደ ላይ የገፋቻትም ይህችው መንደር ናት።

ጥሩአየሁ ጎብኙ ያነሳቸውን ፎቶዎች ከፈተች። በመጀመሪያው ቤት ቀይ ከፋይ የለበሰ ወንበር አለ። በሁለተኛውም አለ። በአርባኛውም። መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣ መቶ አሥራ ሁለት ቀይ ወንበር፤ ሁሉም ግራ ክንዱ ላይ ሻማ የበሳው ቀዳዳ አለው።

ወንበሩን ታውቀዋለች፤ የጎረቤቷ የእትዬ ዝማም ነው። እሷ ሐይቅ ዳር ስትውል፣ ጎብኙ ከአንዱ ቤት በወጣ ቁጥር ወንበሩ በጓሮ በኩል እየቀደመው ሄዷል።

«ምን ነካችሁ እትዬ?»

«ምን አጠፋን?» አሉ እትዬ ዝማም። «እንግዳ እየመጣ ነው ሲሉኝ ዝም ልበል? ቆሞ ይዋል?»

«ብረት እኮ ነው! መቀመጥም አይችል!»

«አይቀመጥ ልጄ። የሚቀመጥበት አጣ ግን አይባልም።»

ይግባኙን ራሷ ጻፈች። ሚዛንም ጎብኙን ሐሙስ ዳግም እንደሚልክ መለሰላት። ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ዞራ ለመነች፦ የራሳችሁ ያልሆነ ነገር አታውጡ፤ ሲመጣም ዝም በሉት። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት እያዩ እሺ አሏት። እሷም አፈረች፤ እምቦጩ ግን ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ድረስ ደርሷል።

ሐሙስ ሲዘንብ ዋለ። ጎብኙ ሲዞር ማንም አልተነሳለትም፣ ማንም ግባ አላለውም። ሰዎቹ ድህነታቸውን ለማስረዳት ጎረቤት የሌላቸው መምሰል ነበረባቸው፤ ይህ ነገር ጥሩአየሁን አንገበገባት። በመጨረሻ ጎብኙ እስከ ሆዱ ጭቃ ለብሶ የእሷ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«መግባት ይቻላል?» አለ። በየቤቱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዝም ማለት ብቻ ነበረባት።

«ኧረ ግባ! ምን ዝናብ ላይ ያቆምሃል!» አለች። ወዲያውም በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ተጣራች። «እትዬ ዝማም! ወንበሩን!»

ወንበሩ አጥሩ ሥር፣ ላስቲክ ለብሶ ተዘጋጅቶ ነበር።

ጎብኙ ቆጥሮ ሄደ። ጥሩአየሁ በገዛ እጇ ሁሉን እንዳበላሸች ገብቷት ራሷን ስትረግም አመሸች፤ እህልም አልቀመሰች።

አርብ ጠዋት አረም በሎቹ ተነቃንቀው ውሃው ውስጥ ገቡ። አንዱ ወንበር አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጥሮ አገሪቱ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ተመልሳለች። እትዬ ዝማም እየሮጡ መጡ።

«ምን አለ ያ እንግዳ?»

«‹በማደግ ላይ ያለች አገር› ይላል። ድጋፉ ይቀጥላል።»

«ተመስገን! ስለ እኛስ? ስለ እኛ ምን አለ?»

ጥሩአየሁ ወደ ስልኳ ስክሪን ግርጌ ወረደች። «ማስታወሻ፦ ከአንድ ቤት በስተቀር፣ የአካባቢው ሕዝብ እንግዳ የመቀበል ልማድ አልታየበትም» ይላል።

ስክሪኑን አጠፋችው።

«ስለ እናንተ ምንም አይልም» አለችና ቤቷ ያደረውን ወንበር ተሸክማ ወደ እትዬ ዝማም ቤት መለሰችው።